ስልኩ በጮኸ ቁጥር

ቤት ውስጥ «ክብሪት» እያሉ ነው የሚጠሩት። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ እሱ ግን ገና ዳዴ ከሚልበት ጊዜ ጀምሮ በትንሽ በትልቁ ብው እያለ ስላስቸገረ ያኛው ስም ለመታወቂያ ብቻ ቀረ። ሥራው ታፔላ መጻፍ ነው። ፀጉር ቤቱ፣ ጎማ ጥገናው፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ «ውሻ አለ፣ ተጠንቀቁ» የሚለው ሳይቀር፣ በሰፈሩ ግድግዳ ላይ ከሚነበበው አብዛኛው የእሱ ሥራ ነው። እጁ እንከን አይወጣለትም። ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ይስባል፤ ቀለሙ አይንጠባጠብም፣ ፊደሉ አይዘምም። ጠባዩ ግን ከእጁ ጋር ተማክሮ አያውቅም። ደንበኛ መጥቶ «ይቺ ፊደል ትንሽ ጎበጥ አላለችም?» ካለው ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ወርውሮ ይወጣል፤ ደንበኛውም ግማሹ የተጻፈ ታፔላውን ታቅፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የቤቱ ዕቃም የዚህ ጠባይ ቁስለኛ ነው። አዲሱን ስልኩን ባለፈው ወር ከግድግዳ ጋር አላትሞታል፤ ጥፋተኛው ስልኩ ሳይሆን ሥራው ካለቀ በኋላ «ቀዩን ወደ አረንጓዴ ቀይርልኝ» ብሎ የደወለው ባለ ሱቅ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ በንዴት ሲወራጭ በክርኑ የገፋው የቲነር ጣሳ ላፕቶፑ ላይ ተደፋ። ቲነሩ ስክሪኑንና ካሜራውን ምሮ፣ ማይክራፎኑንና የቁልፎቹን ግማሽ በላ። ክብሪት የታፔላ ንድፉን የሚሠራው በማውስ ስለሆነ አላስጠገነውም። መጻፍ ካስፈለገኝ እጅ አለኝ ይላል። ላስጠግነው ብሎ ቢወስደውም ከጠጋኙ ጋር መጣላቱ አይቀርም ነበር።

አዲሱ ስልክ ሲሰበር፣ ድሮ ለእናቱ የሰጣትን አሮጌ ስልክ መልሶ ወሰደባት። ጥጉ የተሰነጠቀ፣ ካሜራው የታወረ፣ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ ስልክ ነው። በምስል የሚያነጋግሩትን አዳዲስ ፕሮግራሞች ሊጭኑበት ሲሞክሩ አሻፈረኝ ይላል። ከእሱ የሚገኘው ጥቅም ሁለት ነው፤ ይደወልበታል፣ ለላፕቶፑ ደግሞ ኢንተርኔት ያካፍላል። ሁለቱን ባንድ ላይ ይችል እንደሆነ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ለአሮጌ ስልክ ማን ያዝናል።

ክብሪት በዚህ ዓለም ላይ የሚሸነፍላት አንዲት ሰው አለች፤ ታናሽ እህቱ። ሕፃን ሳለች የያዛት ትኩሳት ጆሮዋን ይዞባት ሄደ። አባት የለም፣ እናት ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ናት፤ ሁለቱ ልጆች አንዲት ክፍል ውስጥ ተዘግተው ሲውሉ የራሳቸውን የእጅ ቋንቋ ፈጠሩ፤ እናታቸውም ማታ ማታ ጨመረችበት። ሻሽ እንደማሰር ከተደረገ እናታቸው ናት። አፍንጫ ከተያዘ ውሸት ነው። ትከሻ ከተሰበቀ የቤት አከራይዋ መጣች ማለት ነው፤ ሴትዮዋ ስትራመድ ትከሻዋን ትሰብቅ ነበርና። ክብሪት ራሱ በእጅም ስሙ ክብሪት ነው፤ የቀኝ ጣት የግራን መዳፍ ጫር ያደርጋል። እሱ ቱግ ሲል እህቱ መዳፏን ጫር ታደርግና ጣቷን ወደ ከንፈሯ አምጥታ እፍ ትልበታለች። አጠፋሁህ ማለቷ ነው። እናቱ ስትለምነው የማይበርደው ሰውዬ በዚያች እፍ ይበርዳል፤ አንዳንዴም የተቆጣበትን ነገር ጨርሶ ይረሳዋል።

ልጅቷ ትምህርት ቤት ሳትገባ አደገች። ስለዚህ ሌሎች መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚግባቡበትን የምልክት ቋንቋ አታውቅም፤ የምታውቀው የቤቷን ብቻ ነው። አሁን አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ በሚደርስበት ሌላ ከተማ፣ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። እጇ እንደ ወንድሟ ቀጥ ያለ ነው። ጠባይዋም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከወንድሟ ብዙ አይርቅም። አንድ አለቃ ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን ቢጎትታት መቀሷን ይዛ የዞረችበት ጊዜ አለ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አሮጌው ስልክ ጮኸ። የደወለችው ከእህቱ ጎን ባለው የስፌት መኪና ላይ የምትሰፋ ወጣት ናት፤ ሥራ ከገባች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነው። እህቱን ከትናንት ጀምሮ ሆዷን ሲያማት እንደነበር፣ ዛሬ አልጋዋ ሥር ኩርምት ብላ አግኝታት ሆስፒታል እንደወሰደቻት፣ ሐኪሙም ትርፍ አንጀቷ ሳይፈነዳ ኦፕራሲዮን መሆን አለባት እንዳለ ነገረችው። ችግሩ ከዚያ በፊት የሚሰጠው መርፌ ነው። ነርሷ መርፌውን ይዛ ስትቀርብ ትራገጣለች፣ ትማታለች። የአንዷን ነርስ መነጽር ሰብራለች።

«ጋሼ፣ አብዳለች እያሉ ነው» አለችው። «በእጇ የሆነ ነገር ትላለች፤ እኔ የማውቀው ‘እንብላ’ እና ‘አለቃው መጣ’ የሚለውን ብቻ ነው። ሐኪሙ የሚያናግራት ሰው ቶሎ ካልተገኘ በግድ እንወጋታለን ብሏል።»

የክብሪት ደም ፈላ። እህቱ ሳትናገር ተማትታ አታውቅም። መጀመሪያ ትናገራለች፤ የሚሰማት ስታጣ ነው እጇ የሚነሳው። አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠችው እናቱም የሚባለውን ሁሉ ሰምታለች። እሷ ራሷ እንዳታግዝ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ከክንዷ ራቅ ያለ ነገር አይታያትም። በዚያች ሰዓት የዚያችን ልጅ እጅ ማንበብ የሚችል ሰው ክብሪት ብቻ ነበር፤ እሱም የቀን መንገድ ርቆ ተቀምጧል።

ዘዴው ቀላል መሰለው። ወጣቷ ስልኳን በምስል ከፍታ እህቱ ፊት ትይዛለች፤ እሱ በላፕቶፑ እያየ በእጁ ያናግራታል። የላፕቶፑ ማይክራፎን ስለሞተ ደግሞ፣ እህቱ ያለችውን በነርሷ ስልክ ለሐኪሙ ይነግራል። የነርሷን ቁጥር ተቀበለ። አሮጌውን ስልክ ኔትወርክ ደህና በሚይዝበት መስኮት ላይ አስቀመጠ፣ የኢንተርኔት ማካፈያውን ከፈተ፣ ላፕቶፑም ተገናኝቷል አለው።

ምስሉ መጣ። መጀመሪያ ጣሪያ፣ ቀጥሎ የወጣቷ አገጭ፣ ከዚያ የአልጋ ብረትና የእህቱ ፀጉር። ክብሪት ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ፤ ነርሷ ናት፣ ይታይዎታል ወይ ልትል። ምስሉ ባለበት ቀጥ አለ። ፀጉሯ ብቻ ስክሪኑ ላይ ቀረ፤ እሱም ጥቂት ቆይቶ ጠፋና «ኢንተርኔት የለም» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ክብሪት ነርሷን የሆስፒታላችሁ ኔትወርክ የማይረባ ነው አላት። ነርሷም ኔትወርካቸው ደህና መሆኑን በትሕትና ነገረችው። ትሕትናዋ የባሰ አናደደውና ዘጋባት።

ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራው። ላፕቶፑም እንደ ጌታ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። እስኪነሳ ድረስ የስልክ ኩባንያው ዘንድ ደወለ። «ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው» የሚል ከማር የጣፈጠ የሴት ድምፅ ተቀበለው፤ ከዚያ ሙዚቃ አሰማችው፤ ከዚያ ደግሞ ጥሪው አስፈላጊ መሆኑን ደገመችለት። ላፕቶፑ ተነሳ። ኢንተርኔት የለም። ክብሪት በቴፕ የተቀዳችውን ሴትዮ አፉ እንዳመጣለት ሰደባት፤ እሷ ግን ጥሪው አሁንም አስፈላጊ እንደሆነ አረጋገጠችለት።

ቀጥሎ የአክስቱ ልጅ ዘንድ ደወለ። ይህ የአክስት ልጅ ኮምፒውተር የሚሸጥበት ቤት ይሠራል፤ በቤተሰቡ ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ ለእሱ ነው የሚነገረው፤ ሰዓትም ቢሆን፣ የቧንቧ ውሃም ቢሆን። ጋሼ ተረጋጋ፣ አንድ በአንድ እንሂድ አለው። ስልኩን ሳትዘጋ የኢንተርኔት ማካፈያውን አጥፍተህ አብራው። አበራው። አሁንስ? የለም። እሺ፣ ላፕቶፑ የድሮውን ግንኙነት ይርሳና የይለፍ ቃሉን እንደ አዲስ አስገባ። እዚህ ላይ የበሰበሱት ቁልፎች ትዝ አሉ፤ ክብሪት ስክሪኑ ላይ ቁልፍ ስሎ የሚያወጣውን መጻፊያ ከፍቶ እያንዳንዷን ፊደል በማውስ እየለቀመ፣ በየፊደሉ መሐል የአክስቱን ልጅ እየረገመ አስገባው። አሁንስ? የለም። በገመድ ሞክረው። ገመዱን ከቀለም ጣሳዎች መሐል ፈልጎ ሰካ። አሁንስ? የለም። የአክስቱ ልጅም ጋሼ እውነቱን ልንገርህ፣ ላፕቶፑ ያለቀለት ይመስለኛል አለው። ክብሪትም ያለቀለት ማን እንደሆነ ነግሮት ዘጋው።

ላፕቶፑን በሁለት እጁ አነሳው። አዲሱ ስልክ ያረፈበት ጠባሳ ግድግዳው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ወርውረዋ» አለች እናቱ። ድምፁን ትሰማለች እንጂ ሰውየውን አታይም፤ ግን ልጇን ታውቀዋለች። «ከዚያ በምን ልታያት ነው?»

አስቀመጠው። ገና ከማስቀመጡ ምስሉ ብልጭ አለ፤ የአልጋው ብረት፣ የነርስ ነጭ ልብስ፣ የእህቱ ግንባር። ስልኩ ጮኸ። ምስሉ ሞተ። የደወለው አጎቱ ነው፤ የአክስት ልጅ ለእናቱ፣ እናትየው ለወንድሟ ነግራ፣ ወሬው ከኢንተርኔቱ ቀድሞ ደርሷል። ክብሪት እዚህ የማይጻፍ ስድብ ተሳደበ።

«አንተ ልጅ፣ ስልኩ በጮኸ ቁጥር እኮ ነው የምትሳደበው» አለች እናቱ።

«ታዲያ ምን ላድርግ እማዬ፣ ልዝፈን?»

«አላልኩም። መጀመሪያ እሱ ይጮሃል፣ ከዚያ አንተ ትሳደባለህ። ወይ ደግሞ ደውለህ ስታወራ ነው የምትሳደበው። ስልኩ ዝም ባለ ጊዜ አንድም ቀን ስትሳደብ አልሰማሁህም።»

እናቱ ላይ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ከፍቶት ቀረ። ስልኩን አንስቶ የአጎቱን ጥሪ አጠፋና የስክሪኑን አናት አፍጦ ተመለከተ። ኢንተርኔት መኖሩን የምታሳይ አንዲት ሚጢጢ ፊደል ጥግ ላይ ብቅ አለች። ላፕቶፑም ተገናኝቷል አለ። አጎት ደግሞ አንዴ ከጀመረ አይተውምና እንደገና ደወለ። ፊደሏ ጠፋች። ጠፋ፤ ተመለሰ፤ ጠፋ። ነገሩ ይኸው ነበር። አሮጌው ስልክ ሲጮህም ሆነ ከሰው ጋር ሲያወራ ኢንተርኔቱን ይለቃል። የአክስት ልጅ አንቆ ይዞት ነው ለምን አትተነፍስም ሲለው የነበረው።

የክብሪት ቆሽት አረረ። ነርሷን፣ ኩባንያውን፣ ቴፗን፣ የአክስቱን ልጅ ሲሳደብ ጊዜው ነጎደ፤ መስመሩን ሲያንቁ የኖሩት ደግሞ የራሱ ሰዎችና ራሱ ናቸው። አስበው፣ አዝነው፣ ተገኘችልህ ወይ እያሉ። ፍቅራቸውን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ጣሳ ከድኖ ቢያስቀምጠው ደስ ባለው። ያን አዲስ ስልክ ግድግዳ ላይ ባያላትመው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ ይህንንም ያውቃል፤ ማወቁ ይበልጥ አቃጠለው። ሌላ ስልክ እንዳይዋስ ከሥር ያለው ፀጉር ቤት እሑድ ዝግ ነው። ከጎን ያለው ብረት በያጅ አለ፣ ግን ከእሱ ጋር በቀለም ሽታ የተነሳ ተጣልተው ከተኳረፉ ቆይተዋል። ቢሆንም ሄዶ ያንኳኳ ነበር። ነርሷ ቀደመችው፤ ደወለችና ስልኩን ለሐኪሙ ሰጠች።

«ወንድም፣ ካሁን በኋላ መጠበቅ አልችልም» አለ ሐኪሙ። ድካም የተጫነው ድምፅ ነው። «አንጀቷ ከፈነዳ እናጣታለን። መርፌውን ሰጥተን እናስገባታለን።»

«አንዴ ልያት። አንዴ ብቻ» አለ ክብሪት። «ስልክ አትደውሉልኝ፣ እኔም አልደውልም። ስደውል ምስሉ ይጠፋል። የነርሷንም ስልክ አጥፉት። ምስሉን ብቻ ክፈቱልኝ።»

ለአጎቱም እንዳይደውል፣ ሌላውም እንዳይደውል እንዲከለክል በአንድ ትንፋሽ ነግሮ ዘጋ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ምስሉ መጣ፣ በዚህ ጊዜም ሳይጠፋ ቆየ።

እህቱ ተጋድማለች። ፊቷ በላብ ታጥቧል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ስታየው ዓይኗ ፈጠጠ። ክብሪት በእጁ ምን ሆንሽ አላት። መልስ የለም። መርፌውን ለምን እንቢ አልሽ አላት። ዓይኖቿ ወዲያ ወዲህ ይሮጣሉ እንጂ እጇ አይመጣም። ራሷን ልትስት ነው ብሎ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ያኔ ስልክ የያዘችው ወጣት እጇ ደክሟት ኖሮ ምስሉ ወደ ታች ወረደ፤ ክብሪትም አየ። ሁለቱም እጆቿ በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር ታስረዋል።

ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። ጮኸ። እህቴን ፍቷት፣ እናንተ እንዲህ ናችሁ፣ እንዲያ ናችሁ እያለ የሞተው ማይክራፎን ላይ ጮኸ፤ ጩኸቱን ከእናቱና ከዝግ ፀጉር ቤት በቀር የሚሰማው አልነበረም። እጁ ወደ ስልኩ ተወነጨፈ። ቢደውል ምስሉ ይሞታል። ደግሞስ ማን ያነሳል፤ የነርሷን ስልክ ያስጠፋው ራሱ ነው።

እህቱ ታየዋለች። አፉ ሲከፈት፣ የአንገቱ ሥር ሲገተር፣ ጡጫው ሲወዛወዝ ታየዋለች። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጆሮ አያስፈልጋትም። መዳፏን ጫር የምታደርግበት ነፃ ጣት የላትም። ከንፈሯን አሾለችና ወደ ስክሪኑ እፍ አለች።

ከጎኗ የቆመችው ነርስ ልትተፋ መስሏት አገጯን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችባት። እህቱ ታግላ ተመለሰች። እንደገና እፍ አለች።

ክብሪት ንዴቱ አልጠፋም፤ እጁ ግን ረጋ። ከጥግ ለፀጉር ቤቱ ያዘጋጀውን ነጭ የተቀባ ኮምፔርሳቶ ጣውላ አነሳ፣ ሰፊውን ብሩሽ ጥቁር ቀለም ውስጥ ነከረ፣ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ጻፈ። በሕይወቱ ከጻፋቸው ታፔላዎች ሁሉ ቶሎ ያለቀው ያ ነው፤ ፊደሉ ግን አንዱም አልጎበጠም። አንስቶ ካሜራው ፊት ገተረው።

እጇን ፍቱ። እጇ አፏ ነው።

ወጣቷ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ሰው ሁሉ ዞረ። የሐኪሙ ፊት ስክሪኑን ሞላው፤ መነጽሩን ወደ ላይ ገፍቶ አነበበ። ከዚያ ወደ አልጋው ጎንበስ ብሎ ፋሻውን በራሱ እጅ ፈታው።

እህቱ የእጇን አንጓ አሸት አሸት አደረገችና ተናገረች። የመድኃኒት ትሪው ላይ ወዳለው ብልቃጥ ጠቆመች፣ ክንዷንም በጣቷ ወጋች። ነጭ ልብስ፣ የፋብሪካው ክሊኒክ፣ የአምናው ክረምት። ከዚያ ሁለት እጆቿን ወደ አንገቷ ወሰደችና አንገቷ እንደሚያብጥ አድርጋ አሰፋቻቸው።

አሮጌው ስልክ ጮኸ።

የአክስት ልጅ ነበር። ምስሉ እህቱ አንገቷን እንደያዘች ደረቀ። ክብሪት ለመዝጋት ሲንደፋደፍ ጣቱ ስቶ ጥሪውን ከፈተው። የአክስት ልጅ በደስታ፣ ጋሼ ገባኝ፣ ስልኩ አሮጌ ስለሆነ ሲደወልበት ኢንተርኔቱ ይቋረጣል፣ ማንም እንዳይደውልልህ ንገራቸው አለው። ክብሪት ለዚህ የሚመጥን ስድብ አጥቶ ዝም ብሎ ዘጋው።

ላፕቶፑ መልሶ ሊገናኝ ይፈልጋል፣ ይፈልጋል። የደረቀው ምስል ከፊቱ ቆሟል። መርፌው፣ አንገቷ፣ እብጠቱ። ሌላ ምን ይናገር። ያ መርፌ አንድ ጊዜ ሊገድላት ነበር፤ ለቤቷ አልነገረችም፤ አሁን ሲጠጓት የምትማታው እብድ ስለሆነች ሳይሆን ሌላ ሞት ይዘውባት ስለመጡ ነው። ክብሪት ኮምፔርሳቶውን ገለበጠ። ጀርባው አልተቀባም፤ ቀለሙን እየጠጣ አስቸገረው፤ ደጋግሞ ወረደበት።

ምስሉ ሲመለስ ሐኪሙ መርፌውን ወደ ላይ አድርጎ ጠብታ እያስወጣ ነበር። የተቋረጠው የሚመለስ አልመሰለውም ይሆናል፤ ወይም ጊዜ አልነበረውም። ነርሷ የእህቱን ክንድ ይዛለች፤ እህቱ ትራገጣለች። ክብሪት ጣውላውን ከስክሪኑ ጋር ሊያጋጭ እስኪደርስ አስጠጋው።

ይህ መርፌ ጉሮሮዋን ያሳብጣል። አምና ሊገድላት ነበር።

ስልክ የያዘችው ወጣት ጩኸቷ በላፕቶፑ ድምፅ ማውጫ ተሰማ። ሐኪሙ ቀና አለ። አነበበ። መርፌውን ቀስ ብሎ ትሪው ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ ትሪውን ራሱን ከአልጋው አራቀው። ለነርሷ የሌላ መድኃኒት ስም ነገራት። እህቱ መርፌው ሲርቅ አይታ ሰውነቷ በአንዴ ለሰለሰ።

ከዚያ ክብሪት አንድ በአንድ ነገራት። ሌላ መድኃኒት ነው። ትተኛለሽ። ሆድሽን እዚህ ጋ ይከፍታሉ፣ መጥፎውን አውጥተው ይሰፉታል፣ አንቺ እንደምትሰፊው። ስትነቂ እመጣለሁ። እህቱ ሻሽ እንደማሰር አደረገች። አዎ፣ እማዬም ታውቃለች አላት። ራሷን ነቀነቀችና ክንዷን ለነርሷ በፈቃዷ ዘረጋች።

አመሻሽ ላይ ስልኩ ጮኸ። ክብሪት ጩኸቱን መስማት አስጠልቶት ነበርና እናቱ አነሳችው። ሐኪሙ ነበር። ተርፋለች። የፋብሪካውን ክሊኒክ ነርስ አስጠይቀናል፣ መድኃኒቱ ያው ነው፤ ወግተናት ቢሆን ኖሮ እጃችን ላይ ትታፈን ነበር አለ፤ አልደበቀም። እናትየው አለቀሰች። ክብሪት ግን ስልኩን ተቀበላትና ማመስገን እያለበት፣ ማን ነው ያሰራት ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ ለራሷ ደኅንነት እንደነበር፣ ትማታ እንደነበር አስረዳው።

«ጌታዬ፣ የእርስዎን አፍ በፋሻ ቢለጉሙት አይማቱም?» አለው ክብሪት።

በማግስቱ ክብሪት ቆርቆሮ ቆርጦ፣ መደብ ቀብቶ፣ በረጋ እጅ አዲስ ታፔላ ጻፈ። ሲደርቅለት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ የእጅ መሰርሰሪያውንና ብሎኖቹን ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሆስፒታሉ ሲደርስ ፈቃድ የሚጠይቅበት ቢሮ እንዳለ ዘበኛው ነግሮት ነበር። አልሄደም። የእህቱ ክፍል ገብቶ፣ ግንባሯን ስሞ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ ከአልጋው በላይ ግድግዳውን መብሳት ጀመረ። ኃላፊዋ ነርስ መጥታ እዚህ ያለ ፈቃድ ምንም ነገር አይሰቀልም አለችው። ክብሪት ሳይዞር ብሎኑን አጠበቀ፤ እጅ ስታስሩስ ፈቃዱን ማን ሰጣችሁ አላት። ሴትዮዋ ታፔላውን አነበበች። በእጁ የሚናገር ሰው እጁ አይታሰርም ይላል። አላስወረደችውም።

ከወንበሩ ሲወርድ ፊቱ አሁንም ቀልቶ፣ የአንገቱ ሥር አሁንም ተገትሮ ነበር። እህቱ ማንበብ ስለማትችል ምን ይላል ብላ በዓይኗ ጠየቀችው። በእጁ ነገራት። ታፔላውን ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከዚያ የፋሻው ምልክት ያልለቀቀውን እጇን አንስታ መዳፏን ጫር አደረገች፣ ጣቷንም ወደ ከንፈሯ አመጣች። ክብሪት እፍታዋን ጠበቀ። እህቱ ግን ጣቷን እንዳቆመች ፊቱን እያየች ቆየች፤ እፍ አላለችም።